ጓዳውን የሚጠብቀው ደወል

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አሰላ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሳ ከቤታችን ደጃፍ ቆሞ የግቢውን በር ማየት ባቃተበት ቀን፤ ሰዓቱን ልብ ብዬ የያዝኩት የናዝሬት አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ሰምቼ «መጣ፣ አሁን ከማላውቀው ሰው ጋር ብቻዬን መነጋገሬ ነው» ብዬ ስለተጨነቅሁ ነው፣ ምክንያቱም እኔ ዓይን አፋር ነኝ፣ ክፍል ገብቼ እንኳ መጀመሪያ የማናግረው ተማሪዎቼን ሳይሆን ጥቁር ሰሌዳውን ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም። አዲስ አበባ ኮሌጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ አልጋ ላይ ተሰብስበው ስለ ዛርና ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ፣ እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ቀድሜ የምተኛ ነበርኩ፣ የተማርኩትም ሳይንስ ነው፣ አሰላ መጥቼ የማስተምረውም እሱኑ ነው፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይቺ ደግሞ ፈሪ ናት» ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ፣ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ እላለሁ፣ ያላየሁትን ደግሞ አላየሁም እላለሁ።

የምኖረው ከአክስቴ ከእትዬ ዘነበች ጋር ነው። ቤቱን በጠላት ጊዜ ያሠራው አንድ የግሪክ ነጋዴ ነው፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ ጣውላ፣ መሐል ላይ ሰፊ ሳሎን ያለው፣ ከሳሎኑ ጀርባ ደግሞ መስኮትም ሌላ በርም የሌለው አንድ ጓዳ ያለበት ቤት። ነጋዴው አገሩ ሲገባ ቤቱን የአክስቴ ባል ገዙት። ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ነገር ነበር፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ የሌባ ደወል ነው የሚባል፣ የጀበና ክዳን የሚያክል የናስ ደወል፣ በሽቦ ተያይዞ ከሥሩ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ጨው ውሃ ከተሞሉ የጠርሙስ ባትሪዎች ጋር የተገናኘ። የከተማው ሰው ቤታችንን «ደወል ቤት» ነው የሚለው። አጎቴ በሕይወት ሳሉ ያንን ደወል እንደ ልጅ ይንከባከቡት ነበር፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የባትሪዎቹን ውሃ ይሞላሉ፣ ሲመሽ ማብሪያውን ቀጭ ያደርጋሉ፣ ሲነጋ ያጠፋሉ፣ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም፤ እኛም ንብረት ወዳድ ናቸው እያልን እንስቅ ነበር። አምና ሞቱ፣ ውሃው ደረቀ፣ ደወሉም ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ጠዋት ስንነሳ የሳሎኑን የውጭ በር ተከፍቶ ማግኘት የጀመርነው። ሁልጊዜ አይደለም፣ አልፎ አልፎ። ማታ መወርወሪያውን አክስቴ ራሷ ትጥለዋለች፣ ጠዋት ግን መወርወሪያው ከቦታው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ በሩም ገርበብ ብሎ ይገኛል። የጠፋ ዕቃ የለም። አክስቴ ግን ጥርጣሬዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ሰው ላይ ነበር፣ ዘበኛችን ኦቦ ቃሲም ላይ። ኦቦ ቃሲም ከአጎቴ ጊዜ ጀምሮ ቤቱን የጠበቁ፣ ከሚስታቸው ከፋጡማና ከልጆቻቸው ጋር የግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ከዚያች ክፍል ሌላ ቤት የላቸውም።

«ቀጭን ብረት በስንጥቁ አስገብቶ ነው መወርወሪያውን የሚያነሳው» አለች አክስቴ። «ዛሬ መክፈቱን ይለማመዳል፣ ነገ ይዞ ይሄዳል። ጌታው ከሞቱ ጀምሮ እሑድ እሑድ ‘ቤት ልግባ፣ ልግባ’ ይለኝ የለ? ምን ሊያደርግ ነው የሚገባው?»

ስለዚህ ደወሉ እንዲጠገን ወሰነች፣ ከናዝሬት በሙያው የተመሰከረለት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራች፣ እሷ ግን በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ሁሩታ ለቅሶ ደረሰባት። ኦቦ ቃሲምን ሆን ብላ የበቅሎዋን ገብስ እንዲገዙ ሳጉሬ ገበያ ላከቻቸው፣ ከዚያ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ እኔ ዞረች።

«ስሚ ጽጌ፣ ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለቃሲም ትንፍሽ እንዳትዪ። በሩን ሲነካው ደወሉ ይጮሃል፣ አንቺ ዓይተሽ ትነግሪኛለሽ። ነገ ጠዋት ስመለስ ጓዙን አስይዤ አስወጣዋለሁ።»

«ልጆቹስ እትዬ?»

«ይዟቸው ይሂዳ! እኔ ላሳድግለት?»

እንግዲህ አስቡት፣ የአንድ ቤተሰብ መጠለያ በእኔ ምስክርነት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እኔ ደግሞ ገበያ ሄጄ ዋጋ መከራከር የማልችል ሰው ነኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ ዮሴፍ ይባላል፣ አሥመራ የተማረ፣ ቀጭን፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ የሚሄድ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። ገና ከመግባቱ መስኮቶቹን አንድ በአንድ እያየ «ይሄኛው ይከፈታል? ያኛውስ? ማታ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ያድራል?» ሲለኝ ልቤ ተጠራጠረ፣ ሌባ ቢሆንስ፣ የሌባ ደወል የሚጠግን ሰው የቤቱን ሁሉ ምስጢር ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ፊቴ እየጋለ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ይቅርታ፣ ሰርተፊኬት ካለዎት...» አልኩት።

«ምነው ወይዘሪት፣ መልኬ ሌባ ይመስላል?»

«አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው።»

ሳቀና ከቦርሳው አወጣልኝ፣ ፎቶግራፉን ከፊቱ ጋር ሳስተያይ ጉንጩን ነፍቶ ቆመ። «ያኔ ወፍራም ነበርኩ፣ አሁን የናዝሬት ሙቀት አቅልጦኝ ነው» አለ። ማኅተሙ ትክክል ነበር። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

ሥራውን ሲጀምር ግን ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ሽቦውን የሸፈነውን እንጨት በካቻቢቴ እየፈለቀቀ ከደወሉ ተነስቶ ተከተለው፣ ሽቦው ወደ ውጭው በር ይሄዳል ብሎ ሲጠብቅ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጓዳው ሄደ፣ ወደ መስኮቶቹ የሚሄድ ሽቦ አንድም አልነበረም። ጓዳው ውስጥ ገብቶ ከደፉ በስተጀርባ ያለችውን ጣውላ ረገጣት፣ ጣውላዋ ሲጥ አለች። ተንበርክኮ አነሳት። ከሥሯ ሁለት የመዳብ ሰሌዳዎች ፊት ለፊት ተደቅነው ነበር።

«የሠራውን ሰው ያውቁታል?» አለኝ።

«አላውቀውም፣ አገሩ ገብቷል። ምነው፣ ተበላሽቷል?»

«የተበላሸው ባትሪው ብቻ ነው። ሥራው ግን...» ተነስቶ በሩ መሐል ቆመ። «ይምጡ እስቲ ያስቡት። ሌባ ወደዚህ ጓዳ ለመግባት መጀመሪያ ሳሎኑ ውስጥ መግባት አለበት፣ አይደል? ማብሪያና ማጥፊያው ደግሞ ሳሎን ውስጥ ነው፣ እዚሁ በሩ አጠገብ፣ ማንም እጁን ዘርግቶ የሚያጠፋው። መቀርቀሪያውም ሳሎን በኩል ነው። ደወሉ የሚጮኸው በሩ ሲከፈት አይደለም፣ ሰው ከተዘጋ በር ጀርባ፣ ጓዳው ውስጥ፣ እዚህች ጣውላ ላይ ሲቆም ነው። ወይዘሪት፣ ይህ ደወል የሚገባን ሰው አይጠብቅም። የሚወጣን ነው የሚጠብቀው።»

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ፣ «ምናልባት ሠራተኛው ተሳስቶ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» አለ፣ ግን ጣውላዋ ላይ የነበረውን እግሩን አነሳ። «አሁን እንዴት ላድርገው? በሙያችን ደንብ ከሆነ ዋናው በር ላይና መስኮቶቹ ላይ ነው የሚታሰረው። እንደነበረ ይሁን ካሉም ባትሪውን ቀይሬ እሄዳለሁ።»

አክስቴ የምትፈልገው የውጭው በር እንዲጠበቅ ነው። እኔም የተማርኩት ነገር በደንቡ እንዲሠራ ነው። «በደንቡ ይሥሩት» አልኩት። ሽቦውን ከጓዳው አወጣው፣ ጣውላዋን መልሶ መታት፣ ዋናው በር ላይና በየመስኮቱ አሰረው፣ የጠርሙሶቹን ባትሪ በደረቅ ባትሪ ቀየረ፣ በሩን ሲከፍተው ደወሉ ጆሯችንን እስኪያደነቁረን ጮኸ፣ ሲዘጋው ዝም አለ። «ቫ ቤኔ! ደህና ነው!» ብሎ እጁን አራገፈ። የጓዳው መቀርቀሪያ ግን አጎቴ ከሞቱ ወዲህ የነካው ስለሌለ ዝጎ አልላወስ ብሎ ነበር፣ እሱን ትተነው ቀረ። ዮሴፍ ከአውቶቡሱ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሆቴል አድሮ ጠዋት ወደ ናዝሬት እንደሚመለስ ነግሮኝ፣ ሊመሽ ሲል፣ ጭቃውን እየዘለለ ሄደ።

ኦቦ ቃሲም ጀምበሯ ከጠለቀች በኋላ በእህል መኪና ተጭነው መጡ፣ የገብሱን ጆንያ ደጃፉ ላይ አውርደው ካቦርታቸውን አራገፉ። እኔ በልቤ አንድ ነገር አስቤ ነበር፣ እሳቸው ዓይኔ ሥር ተቀምጠው ሳለ ደወሉ ቢጮህ ነፃ ናቸው፤ ክፍላቸው ሄደው ሳለ ቢጮህ ግን አክስቴን የሚመልሳት የለም። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ የዮሴፍ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ብቻዬን መሆን አልፈለግሁም።

«ኦቦ ቃሲም፣ ይግቡና እሳት ይሙቁ፣ ሻይ አፍልቻለሁ።»

«ላኪ፣ አይሆንም ልጄ፣ እዚሁ ይሻለኛል። ጌታዬ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመሸ በኋላ ከዚህ ደፍ አትለፍ ብለውኛል።»

ይህም አጠራጠረኝ። አጎቴ ከሞቱ ዓመት አለፋቸው፣ ታዲያ እሑድ እሑድ ልግባ እያሉ አክስቴን የሚጨቀጭቁ ሰው ሲመሽ አልገባም የሚሉት ለምንድን ነው? ለመንኳቸው። በመጨረሻ «ቢስሚላሂ» ብለው ገቡ፣ በሩን ዘግቼ መወርወሪያውን ጣልኩ፣ ማብሪያውንም ቀጭ አደረግሁ፣ እሳቸውም ማንደጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ግን ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዙረው ነው። ዳቦ ቆረስኩላቸው። ሻይ ስቀዳ ዓይናቸውን ማየት ስላልነበረብኝ ይሆናል፣ ድፍረት አግኝቼ ድንገት ጠየቅኋቸው።

«ኦቦ ቃሲም፣ በሩን የሚከፍተው ማን ይመስልዎታል?»

ሳቅ አሉ። «እመቤቴ ቃሲም ነው ይላሉ።»

«እርስዎስ?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም። አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚህ ክረምት ከውጭ የሚገባ ሰው ምን ይዞ ይገባል?»

«ጭቃ።»

«ኤዬ፣ ጭቃ። እኔ በሩ ተከፍቶ ባገኘሁ ቁጥር ወለሉን አየዋለሁ። ንጹሕ ነው።» ከዚያ ቀና ሲሉ በሩ ላይ የታሰረውን አዲሱን ሽቦ አዩት። ዓይናቸው ሽቦውን ተከትሎ እስከ ደወሉ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ጓዳው፣ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ደወሉ እዚህ ነው የመጣው?»

ምስጢሩ ወጣ።

«እመቤቴ ጓዳውን ማን ይጠብቀው ብለው ነው ታዲያ?»

«ጓዳውን ምን ያስጠብቀዋል? እርስዎ ምን ያውቃሉ?» አልኩ፣ ድምፄ ከለመድኩት በላይ ጮኸ።

«እኔ የማውቀው የለም። ጌታዬ ሲታመሙ ጠርተውኝ ‘ቃሲም፣ እሑድ እሑድ ገብተህ ውሃውን ሙላ፣ እንዳይደርቅ’ አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ከሞቱ በኋላ እመቤቴን ልግባ ብላቸው፣ ንብረቴ ላይ ዓይኑን ጥሏል አሉኝ። ምን ልበል? ዘበኛ ‘ቤት ልግባ’ ሲል ማን ያምነዋል?»

ልናገር አፌን ስከፍት የጓዳዋ ጣውላ ሲጥ አለች።

ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ዮሴፍ ሲረግጣት የሰማሁት ድምፅ ነው፣ ሌላ ጣውላ እንደዚያ አይጮህም። ብርድ ነው፣ እንጨት ሲበርደው ይጮሃል አልኩ ለራሴ፣ ይህንንም ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ። ማንደጃው ላይ የነበረውን ማንቆርቆሪያ አንስቼ የኦቦ ቃሲምን ብርጭቆ ልሞላ ጎንበስ አልኩ፣ እጄ ሥራ ይዞ፣ ሐሳቤም እጄ ላይ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ያለ፣ ጨዋ፣ መንገድ የደከመው ሽማግሌ የሚመስል ድምፅ፣

«ቤቶች!»

አለ። እኔ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ሳላስብ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዳደግሁበት፣ እንግዳ ደጅ አይቆምም እየተባልኩ እንደተቀጣሁበት፣ ቀና እንኳ ሳልል፣

«ይግቡ!»

አልኩ።

የኦቦ ቃሲም እጅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሻዩ ፈሰሰ። «ያ ረቢ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ ከየት ነው የተጠራው?»

ያኔ ነው የገባኝ። ወደ ውጭው በር አየሁ፣ መወርወሪያው እንደተጣለ ነው፣ ደወሉ ዝም ብሏል። «ቤቶች» የሚባለው ከደጅ ነው፣ በሕይወቴ ከቤት ውስጥ፣ ያውም መስኮት ከሌለው ጓዳ «ቤቶች» ብሎ የሚጣራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለእሱ ግን፣ ማን ይሁን ማን፣ ደጅ ማለት ያ ጓዳ ነበር፣ ቤት ማለት ደግሞ እኛ የተቀመጥንበት ነው። እኔም ግባ ብዬዋለሁ።

የጓዳው በር መዳፍ የምታክል ተከፈተች፣ ከዚያ ትንሽ ጨመረች። ከውስጡ የወጣ ሰው አላየሁም፣ ይህን ደግሜ እላችኋለሁ፣ ምንም አላየሁም። የሰማሁት ጣውላዎቹን ነው፣ አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ፣ ሳይቸኩል፣ ክብደት ያለው ሰው ሲረግጣቸው እንደሚጮሁት። በማንደጃው በወዲያ በኩል ሲያልፍ የፋኖሱ ነበልባል ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። ኦቦ ቃሲም ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ እኔም የዚያን ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ስለዚህ መወርወሪያው ሲነሳ አላየሁም፣ ግን ሲነሳ ሰማሁት፣ ግድግዳው ላይ ደገፍ ሲደረግም ሰማሁት፣ ሌባ እንደሚጥለው ሳይሆን የሰው ዕቃ እንዳይበላሽ እንደሚጠነቀቅ እንግዳ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ደወሉ ጮኸ።

ቤቱ ሁሉ ጮኸ ማለት ይቀላል። ዓይኔን ስከፍት በሩ ገርበብ ብሏል፣ ጉሙ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ ኦቦ ቃሲም ተነስተው በትከሻቸው በሩን ገፍተው ዘጉት፣ ደወሉም ዝም አለ። ቆምን። ሁለታችንም አንድ ነገር እያሰብን እንደሆነ ከፊታቸው አወቅሁ፣ ግን ማንኛችንም አልተናገርነውም፣ በሩን የዘጋነው እሱን ውጭ አስቀርተን ይሁን ከእኛ ጋር ውስጥ አስቀርተን አናውቅም ነበር።

ፋኖሱን ይዘን፣ ደወሉን እንደገና እያስጮህን ወጣን። ፋጡማ የግቢው በር ላይ ሻርፗን ተከናንባ ቆማ አገኘናት፣ ጩኸቱን ሰምታ ነው። ኦቦ ቃሲም በኦሮምኛ ጠየቋት፣ መልሷን እኔም ገባኝ፣ በግቢው በር የወጣ ሰው የለም አለች። ያቺን ሌሊት በእነሱ ክፍል፣ ከልጆቻቸው መሐል ተኝቼ አደርኩ፣ ተኝቼ ማለቴ ጋደም ብዬ ነው።

ሲነጋ ጉሙ ተገፎ ነበር። መጀመሪያ ያደረግሁት ደረጃው ፊት ያለውን ጭቃ ማየት ነው፣ ምክንያቱም ሌሊቱን ሙሉ ስጠረጥር ያደርኩት ዮሴፍን ነው፣ ሽቦውን የሚያውቀው እሱ፣ ጓዳውን የሚያውቀው እሱ፣ ያንን ሁሉ ተረት ያወራልኝም እሱ። ዝናብ አልዘነበም። ጭቃው ላይ ሌሊት ወደ ውጭ ያመራ አዲስ ዱካ ሁለት ብቻ ነበር፣ የእኔና የኦቦ ቃሲም፣ ስለዚህ ዮሴፍ አይደለም። እየሮጥኩ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ፣ እኔ፣ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ የምደነግጠው፣ በሰው ሁሉ ፊት አውቶቡሱን በእጄ እየደበደብኩ «አቶ ዮሴፍ! አቶ ዮሴፍ ይውረዱ!» አልኩ። ተሳፋሪው ሳቀ። አንዷ ሴት «ምን በድሏት ነው?» አለች። ዮሴፍ ፊቴን አየና ሳይጠይቅ ቦርሳውን ይዞ ወረደ።

«እንደነበረ ይመልሱልኝ» አልኩት። «ልክ እንደነበረ።»

መንገድ ላይ የሆነውን ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ሽቦውን ወደ ጓዳው መለሰ፣ ጣውላዋን ሲረግጣት ደወሉ ጮኸ፣ የዛገውን መቀርቀሪያ ዘይት አጠጥቶ እስኪላወስ መታው። ኦቦ ቃሲም ደፉ ላይ ቆመው ያያሉ። ዮሴፍ መቀርቀሪያውን ሊዘጋ እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወይዘሪት፣ ደወል የሚናገረው በሩ መከፈቱን ነው፣ ሰውየው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ፣ ይውጣ ይግባ፣ አይናገርም። አሁን የምንዘጋው እሱ ጓዳው ውስጥ እያለ ነው... ወይስ ጓዳው ባዶ ነው?»

ልመልስለት ሳስብ ከግቢው በር ድምፅ መጣ።

«ቤቶች!»

ሦስታችንም ደርቀን ቀረን። አንዳችንም «ይግቡ» አላልንም። እንደገና «ቤቶች! ኧረ ሰው የለም እንዴ?» ሲባል የአክስቴ የእትዬ ዘነበች ድምፅ እንደሆነ አወቅሁ፣ ሆኖም መጀመሪያ ወጥቼ በዓይኔ እስካይ ድረስ አፌን አልከፈትኩም። ከሁሩታ የመጣችው በጭነት መኪና ነው፣ ነጠላዋ ጭቃ ተረጭቶበታል።

«ምን ሆናችሁ ነው? ሞታችኋል? ደወሉ ጮኸ?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቃሲም ነው አይደል?»

«አይደሉም እትዬ» አልኩ። እንዲህ ቀና ብዬ ተናግሬያት አላውቅም። «በሩ ሲከፈት አጠገቤ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። የሚሄዱ ከሆነ እኔም ከዚህ ቤት አብሬ እወጣለሁ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም፣ ከትከሻዬ በላይ ወደ ቤቱ እያየች ቆየች፣ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁት፣ ያኔ ቃሲምን መጠርጠር ለእሷ ቀላሉ ነገር እንደነበረ ገባኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ቃሲምን የጠረጠረችው ሌላውን ላለመጠርጠር ነው።

«ከጓዳ ነው የተጣራው?» አለችኝ።

ስለ ጥሪው አንድም ቃል አልነገርኳትም ነበር።

«አዎ።»

«የመለሰለት አለ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ይግቡ አልኩ።»

ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች። «ቃሲም ይቆይ» አለች። «ክፍሉም የእሱ ናት። ከእንግዲህ ደወሉንም፣ ባትሪውንም፣ እሱ ይጠብቅ።» ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልጨመረችም፣ እኔም ብጠይቃት እንደማትመልስልኝ አወቅሁ። ግን አልገባችም፣ የገዛ ግቢዋ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆማ ቀረች፣ ይግቡ እስክትባል የምትጠብቅ ትመስል ነበር፣ እኔ ደግሞ ያቺን ቃል በአፌ ማውጣት አልቻልኩም። ስለዚህ እጇን ይዤ፣ ምንም ሳልል፣ ደረጃውን አወጣኋት፣ የሳሎኑን በር በአንድ እጄ ከፍቼ እሷን አሳለፍኳት፣ ከዚያ ዘጋሁት፤ በሩን ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ ከፍቼ ይዤው እንደቆየሁ የገባኝ ከዘጋሁት በኋላ ነው።